በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመው ካሜራ

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ሰፈር እንደ ሌሎቹ ቀናት አይደለም። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሲሰማ አድሮ ጎሕ ሲቀድ፣ ምእመናን ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከሜክሲኮ፣ ከአብነት፣ ከጦር ኃይሎችና ከሌላም አቅጣጫ ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይተምማሉ። ከቅዳሴውና ከንግሡ በኋላ በዓሉ ወደየሰፈሩ ይወርዳል። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በሊባኖስ ተራራ ሥር መወለዷን በማሰብ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ከቤት ውጭ ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ያለውም የሌለውም ከአንድ ሰፌድ ይቀምሳል። የቀድሞዎቹ ቤቶች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በቆሙባቸው ግቢዎች እንኳ ይህ ልማድ አልቀረም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየክብረ በዓሉ የማይቀር አንድ ሌላ እንግዳ አለ፤ ካሜራ። አንዳንዱ ካሜራ ፊቱን ወደ ማኅሌቱ፣ ወደ ዐውደ ምሕረቱና ወደ ዑደቱ ያደርጋል። በዚህም አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን በራቀችበት ባዕድ ሀገር የሚኖር ወገን በዓሉን ከእኛ ጋር ያከብራል። ይህን የሚያደርጉትን እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ሌላው ካሜራ ግን ከደጃፉ አያልፍም። በቅጥሩ ሥር ከተደረደሩት ነዳያን በአንዱ ፊት ይቆማል፤ ወይም በየጠበሉ ቦታ ክፉ መንፈስ የጣላትን እኅት እየተከተለ ይቀርጻል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ካሜራ ነው።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ «ጊዜያችንን በላው፤ ልጆቻችንን አበላሸው» ብለን እናማርራለን። ማማረር ብቻውን ግን ወደ መረዳት አያደርስም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ይህ ካሜራ ማንን፣ እንዴትስ አድርጎ ያሳያል? እኛን ተመልካቾቹን በምን ይስባል? ገንዘቡስ ከማን ወጥቶ ወደ ማን ይገባል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ምእመን በእጁ ያለውን ስልክ በማስተዋል ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን።

ጠበሉ አዳናት፤ ቪዲዮው ግን አልማራትም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ አካባቢ የምትኖር፣ በሒሳብ ሠራተኝነት የምትተዳደር አንዲት እኅታችን ለረጅም ጊዜ ካሠቃያት ሕመም ለመፈወስ ከከተማ ውጭ ወደሚገኝ አንድ የጠበል ቦታ ሄደች። ታሪኳን የምንጽፈው ፈቅዳልን ነው፤ ስሟን፣ የጠበሉን ቦታና የቀረጸውን ቻናል ግን አንጠቅስም። ሱባኤ በያዘች በሦስተኛው ቀን ጠበል ሲረጭባት ጮኻ ወደቀች። በሕዝቡ መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ የያዘ አንድ ወጣት ነበረ። እርሷ አላየችውም፤ ልታየው በምትችልበት ሁኔታም ላይ አልነበረችም።

ከሳምንት በኋላ በውጭ ሀገር የምትኖር የአክስቷ ልጅ እያለቀሰች ደወለችላት። ቪዲዮው 14 ደቂቃ ይረዝማል። በሽፋኑ ላይ አፏን ከፍታ ስትጮኽ የሚያሳይ ምስል፣ በምስሉ ላይ ቀይ ቀስት፣ ከሥሩም «ጉድ» የሚል ቃል በትልቁ ሠፍሯል። ስሟ አልተጠራም፤ ፊቷ ግን ከስም በላይ ይናገራል። ቢሮ ስትገባ ጨዋታ ይቋረጥ ጀመር። ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ የነበረ ሰው በመጀመሪያ ዘገየ፤ በኋላም ቀረ። የቻናሉን ባለቤት አፈላልጋ ቪዲዮውን እንዲያነሣላት ስትለምነው፣ ለብዙዎች ትምህርት እንደሚሆን ነገራት፤ ከፈለገችም መጥታ መዳኗን ብትመሰክር «ክፍል ሁለት» እንደሚሠራላት ቃል ገባላት።

ይህች እኅት ዛሬ ጤነኛ ናት። ትቆርባለች፤ ሥራዋንም ትሠራለች። ስታጫውተን ግን ጠበሉ እንዳዳናት፣ ቪዲዮው ግን እስከ ዛሬ ታማሚ አድርጎ እንደሚያሳያት ነገረችን። ጉዳዩን ከዚህ አነጋገሯ የበለጠ የሚያብራራ አላገኘንም። ሰው ይድናል፤ ንስሓ ይገባል፤ ይለወጣል። ተቀርጾ የተቀመጠ ምስል ግን ሰውን በወደቀባት በዚያች ሰዓት ላይ ቸንክሮ ያስቀረዋል። ማንን ያሳያል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ የሚያሳየው ሙሉውን ሰው አይደለም፤ ከሕይወቱ ውስጥ ይበልጥ የሚሸጠውን 14 ደቂቃ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

«ቪዲዮ ማየት በነጻ ነው፤ ታዲያ ባለ ቻናሉ ከምን ያገኛል?» ብለው የሚጠይቁ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ዩቲዩብ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በቀጣዩ ዓመት ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የንግድ ድርጅት ነው። ዋናው ገቢውም ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ደግሞ ለተመልካች ዐይንና ጊዜ ነው። በዚህ ገበያ ሻጩ ድርጅቱ፣ ገዢው ማስታወቂያ አስነጋሪው፣ የሚሸጠው ሸቀጥ የእኛ ትኩረት ነው። ቪዲዮው እኛን ወደ ገበያው የሚጠራ ማባበያ ነው። ማባበያው የአንዲት እኅት ጩኸት ሲሆን ነው ነገሩ የሚከፋው።

አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በድርጅቱ ደንብ መሠረት 1,000 ተከታዮች (ሰብስክራይበሮች) ሊኖሩት ይገባል። ከዚህም ጋር ቪዲዮዎቹ በ12 ወራት ውስጥ በድምሩ 4,000 ሰዓት መታየት አለባቸው፤ ወይም አጫጭር ቪዲዮዎቹ በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት ይኖርባቸዋል። ይህን ሲያሟላ በረጃጅም ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለ ቻናሉ፣ 45 በመቶው የድርጅቱ ይሆናል። 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቪዲዮ ደግሞ በመጀመሪያው ብቻ ሳይወሰን በመካከሉም ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። በ4 ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ለምን ተጎትቶ 14 ደቂቃ እንደሚሞላ አንባቢ ከዚህ ይረዳል።

ሌላም አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩቲዩብ ለሰው የሚያቀርበውን ቪዲዮ ሲመርጥ ስንት ሰው እንደ ከፈተው ከመቁጠር አልፎ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ታየ መመዘን ጀምሯል። አልጎሪዝም የሚባለው ይህ የመምረጫ ሥርዓት መንፈሳዊውን ከሥጋዊው፣ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይም፤ የሚለየው ሰው የቆየበትን ካልቆየበት ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም በበለጸጉ አገሮች ለሚኖር ተመልካች የበለጠ ስለሚከፍሉ፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ኢትዮጵያዊ የሚያየው ቪዲዮ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታየው የተሻለ ገቢ ያስገኛል። የደጀ ሰላሙን ሽታ የናፈቀ፣ የነዳያንን ድምፅ ሲሰማ ሆዱ የሚባባ ስደተኛ ወገናችን በዚህ ገበያ ውድ ተመልካች ነው። ናፍቆቱ ተተምኗል ማለት ነው።

በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ተመልካቹ ራሱ በቀጥታ ይከፍላል። በገንዘቡ ኮይን ይገዛል፤ በኮይኑም ጽጌረዳ፣ አንበሳና የመሳሰሉትን የምስል ስጦታዎች ይልካል። ስጦታው ወደ ገንዘብ ተመንዝሮ ለተቀባዩ ሲደርስ ድርጅቱ ድርሻውን አስቀርቶ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቢቢሲ ይፋ ያደረገው ምርመራ በሰሜን ምዕራብ ሶርያ በመጠለያ ጣቢያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ለሰዓታት በቲክቶክ ሲለምኑ አሳይቷል። ስልኩንና መሣሪያውን የሚያቀርቡ ደላሎች ነበሩ። ጋዜጠኞቹ ከተላከው ስጦታ እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው በድርጅቱ ዘንድ እንደሚቀር ዘገቡ። ድርጅቱ የሚወስደው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ መሆኑንና ብዝበዛ ያለበትን ልመና እንደማይፈቅድ ገልጾ ነበር። የድርሻው መጠን ምንም ይሁን ምን፣ ለድኻው ብሎ የሰጠ ሰው ምጽዋቱ በመንገድ ላይ ስንት እጅ እንዳለፈ አያውቅም።

እኛስ በምን ተሳብን?

እዚህ ላይ ስለ ሌሎች ብቻ መጻፍ ለእውነት አይመችም። የእኅታችንን ቪዲዮ እኛም አይተነዋል። ማን እንደ ሆነች ሳናውቅ ሽፋኑን ነክተን ከፈትነው፤ መጨረሻው ምን ይሆን እያልን እስከ 14ኛው ደቂቃ ቆየን። ፊቷን የለየነው በመጨረሻው ነው። ያን ጊዜ ያሳለፍናቸው ደቂቃዎች ተቆጥረው ለቻናሉ ገቢ ሆነዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ከማን ወጣ ለሚለው ጥያቄ የመልሱ አንድ ክፍል እኛ ነን።

የሳበን ምን ነበር? በመጀመሪያ ሽፋኑና ርእሱ ነው፤ «ጉድ»፣ «እንዳያመልጣችሁ»፣ «ያልተጠበቀ» የሚሉ ቃላት የማወቅ ጉጉታችንን ይቀሰቅሳሉ። ቀጥሎ አቀራረቡ ነው። ከመካከል ተቆርጦ የተወሰደ ጩኸት በመግቢያው ላይ ይሰማና ይቋረጣል፤ ተመልካቹም የተቋረጠውን ፍለጋ ይጓዛል። ከሥሩ የሚፈስሰው የሐዘን ዜማ ልብን ያለሰልሳል። በመጨረሻም «አሜን ብላችሁ ጻፉ»፣ «ያላጋራ በረከቱ ያልፈዋል» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አሜን የጸሎት ማኅተም ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሲጻፍ ግን ቪዲዮው ብዙ ተሳታፊ እንዳለው ለአልጎሪዝሙ የሚናገር ቁጥር ይሆናል። በረከትን በማጋራት ቁጥር የሚለካ ትምህርት ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገኘ ጠያቂ ሊኖር ይገባል።

የሰው ዐይን ወደ ትርኢት መሮጡ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ሳለ ሕዝቡ ከትምህርቱ ተነሥቶ ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ቲያትር ሲሮጥ አጥብቆ ገሥጿል። በእርሱ ዘመን ግን ቲያትሩ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነበር፤ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። የእኛ ዘመን ፈተና ትርኢቱ ነጠላ አጣፍቶ፣ መስቀል ይዞ፣ የጠበል ቦታ ውስጥ ገብቶ መምጣቱ ነው። ተመልካቹ ትርኢት እያየ ሳለ የጸለየ ይመስለዋል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት ቀድመን ተምረነዋል

ምስል ለማን ጥቅም እንደሚቀናበር የሀገራችን ታሪክ ያስተምራል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ተሸሽጎም ነበር። ይኸው ፊልም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች በረኀብተኞቹ ምስል መካከል እየተፈራረቁ ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ መንግሥት ተለወጠ። የወሎው ረኀብተኛ በመጀመሪያው ፊልም እርዳታ መጠየቂያ፣ በሁለተኛው የፖለቲካ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ምስልና ያቀናበረው እጅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከ1977 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም ያሰራጨው፣ ሞሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበው ፊልም የዓለምን ልብ ነካ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላዴልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። በእርዳታው ነፍሳቸው የተረፈ ወገኖቻችን አሉ፤ ይህን መካድ ውለታ መብላት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኢትዮጵያዊ በየአገሩ ስሙን ሲናገር «የረኀብ አገር» የሚል መልስ ለብዙ ዓመታት ሲሰማ ኖሯል። እርዳታ ያመጣው ምስል ስምም ትቶ ሄዷል። ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ስም መሸከም ምን እንደ ሆነ ያውቁታል። ታዲያ እኛ የራሳችንን ነዳይ በደጃችን እንዲሁ አድርገን ስናሳይ፣ ያን ጊዜ ያመመንን በደል በገዛ ወንድማችን ላይ እየደገምነው መሆኑን ልናስተውል ይገባናል።

ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያሳየናል?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ፲፮ በፊልጵስዩስ ከተማ የነበረች አንዲት ገረድ ትነሣለች። የጥንቆላ መንፈስ ነበረባት፤ ጌቶቿም በእርሷ ብዙ ትርፍ ያገኙ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም መንፈሱን ባወጣላት ጊዜ ጌቶቿ ደስ አላላቸውም። የትርፋቸው ተስፋ እንደ ጠፋ ባዩ ጊዜ ጳውሎስንና ሲላስን ይዘው ወደ ገበያው አደባባይ ጎተቷቸው (ሐዋ. ፲፮፥፲፮-፲፱)። ይህ ታሪክ ለእኛ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ትርፉ ያለው በሕመሟ ውስጥ ነበርና መዳኗ ለነጋዴዎቿ ኪሳራ ሆነ። ከሕመም የሚገኝ ገቢ ያለው ሰው የሕመሙን መቀጠል ሳያውቀውም ቢሆን ይመኛል። ዛሬ ዳኑ የተባሉ ሰዎች ምስል ሳይነሣ ለዓመታት ሲንከባለል ስናይ የእነዚያን ጌቶች ልማድ እናስታውሳለን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደግሞ ድውያንን ሲፈውስ እንዴት አደረገ? ደንቆሮውንና ኮልታፋውን ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶ ፈወሰው (ማር. ፯፥፴፫)። የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣ የሚያለቅሱትንና የሚያውኩትን ሁሉ ካስወጣ በኋላ ነው (ማር. ፭፥፵)። ስለ ምጽዋትም ሲያስተምር በሰው ፊት ለመታየት እንዳይደረግ፣ የቀኝ እጅ የምትሠራውን ግራ እንኳ እንዳታውቅ አዝዟል (ማቴ. ፮፥፩-፬)። አምላክ ሳለ የድውዩን ክብር ከተመልካች ዐይን ጠበቀለት።

«ታዲያ የእግዚአብሔር ተአምር አይነገርምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያምን በጉባኤ የምታነበው፣ ገድላትን የምትተርከው ለዚህ ነው። ነገር ግን በመቃብር ይኖር የነበረውን፣ ሌጌዎን ያደረበትን ሰው እንመልከት። ሕዝቡ ሊያዩት ሲመጡ ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶ፣ ተቀምጦ አገኙት (ማር. ፭፥፲፭)። ጌታም ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን እንዲናገር ላከው (ማር. ፭፥፲፱)። ምስክርነት ይህ ነው። የዳነው ሰው ከዳነ በኋላ፣ ለብሶና አእምሮው ተመልሶለት፣ በራሱ አንደበትና በፈቃዱ ይናገራል። ራቁቱን ሳለ፣ ራሱን ሳያውቅ ሌላ ሰው የሚነግድበት ግን ምስክርነት ሊባል አይችልም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ልደታ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳትሆን የፍርድ ቤትም ሰፈር ናት፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ባለጉዳዮች በየዕለቱ በሚመላለሱበት በዚህ ሰፈር ሆነን ሕጉን አለማንሣት አይገባንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህም መካከል ሕዝብን የሚመለከቱ ወይም በአደባባይ የተፈጸሙ ድርጊቶችና ሥነ ሥርዓቶች ይገኙበታል። ስለዚህ የግንቦት ልደታን ንግሥ ጠቅላላ ገጽታ መቅረጽና የአንዲትን እናት ዕንባ አቅርቦ መሸጥ አንድ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። በዓሉ የሁሉ ነው፤ ሕመሙ ግን የባለቤቱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ቢሆን የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። እያንዳንዱን ጉዳይ መወሰን የዳኞች ፋንታ ነው። ምእመናን ግን ሕጉ ከ60 ዓመታት በፊት ያሰበውን የሰው ክብር እኛ ከዚያ ባነሰ ልንይዘው እንደማይገባ እናስታውስ።

ለፍርድ አንቸኩል

ይህን ስንል ሚዲያን በጅምላ መንቀፋችን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ያ ከባድ ፈተና በመጣ ጊዜ የቅዱስ ሲኖዶስ መግለጫ ከዳር እስከ ዳር የደረሰው፣ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰው በአንድ ልብ የጸለዩት በመገናኛ ብዙኃንም ጭምር በመተላለፉ ነው። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡና ገደቡ ለአምስት ወራት ያህል ሲቆይ ብዙዎች የስብከቱና የመዝሙሩ መቋረጥ እንደ ከበዳቸው እናስታውሳለን። ከኪሳቸው አውጥተው ካሜራ ገዝተው፣ ያለ ምንም ክፍያ የገጠር አጥቢያዎችን ችግር የሚያሳዩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን።

ስልኩን ይዞ በደጃፉ የሚቆመው ወጣትም ጠላታችን አይደለም። ብዙ ጊዜ ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ በቀረጸው ቪዲዮ ቤተሰቡን የሚረዳ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። ከእርሱ ጋር መነጋገር እንጂ እርሱን ማባረር ብቻ መፍትሔ አይሆንም። የሚያይ ባይኖር የሚቀርጽ አይኖርም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከእርሱ ይልቅ ወደ እኛ ይመለሳል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ተመልካች ከሆንን፣ ከመክፈታችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። በቪዲዮው ያለው ሰው እኅቴ ወይም እናቴ ብትሆን ይህን እንዲያዩባት እፈቅድ ነበርን? ልቤን የሳበው ርኅራኄ ነው ወይስ ጉጉት? ገንዘቤ ወይም ጊዜዬ ወደ ማን ይሄዳል? መልሱ ካልተገኘ አለመክፈት፣ አለማጋራትም ምጽዋት ነው። መስጠት የሚሻም ቢሆን በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በኩል፣ በማኅበሩ ወይም በገዛ እጁ ቢሰጥ ምጽዋቱ የደረሰበትን ያውቃል።

የምንቀርጽ ከሆንን፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ራሱን በሚያውቅበት ሰዓት መሆኑን አንርሳ። በጠበል ቦታ የወደቀ ሰው ሊፈቅድ አይችልም። የተራበም ሰው ዳቦ በያዘ እጅ ፊት ቆሞ «እሺ» ቢል ያ ፈቃድ አይባልም። ነዳያንን ማሳየት ካስፈለገ ፊታቸውን ሸፍኖ፣ ችግሩን አስረድቶ፣ የተገኘውንም ገንዘብ በግልጽ አስታውቆ መሥራት ይቻላል።

የአጥቢያ አስተዳዳሪዎችና የሰበካ ጉባኤ አባላት በዐውደ ምሕረትና በጠበል ቦታ ማን፣ ምን፣ ለምን እንደሚቀርጽ ሥርዓት ቢያበጁለት ብዙ ቤተሰብ ከኀፍረት ይድናል። የጠበል አገልጋዮችም አገልግሎታቸውን ከመጀመራቸው በፊት «ስልኮች ይቀመጡ» የማለት ሥልጣን አላቸው። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወጣቶቹን ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ከሚያሠለጥኑበት ጋር አብረው፣ ቪዲዮ በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ቢያስተምሯቸው መልካም ነው።

ያለ ፈቃዱ የተቀረጸ ሰው ካለም ተስፋ አይቁረጥ። ዩቲዩብ በምስሉ የሚታወቅ ሰው ራሱ የሚያቀርበውን የግላዊነት አቤቱታ ይቀበላል፤ ለባለ ቻናሉም ቪዲዮውን እንዲያስተካክል ወይም እንዲያነሣ የ48 ሰዓት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። እኅታችን ይህን መንገድ ያወቀችው ዘግይታ ነው። አቤቱታዋን አቅርባ የመጀመሪያው ቪዲዮ ተነሥቶላታል። ቆርጠው ለየራሳቸው የጫኑት ሌሎች ግን ዛሬም አልጠፉም፤ እርሷም እያገኘች አንድ በአንድ አቤት ትላለች። ይህን የምታነቡ ምእመናን ከእነዚያ አንዱ በስልካችሁ ቢመጣ ፊቷን አታውቋትም፤ ሳትከፍቱ በማለፋችሁ ግን ሸክሟን ታቀሉላታላችሁ።

ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር እናቶቻችን ንፍሮውን ሲዘግኑ የሚቀበለውን ሰው ፊት አይተው፣ «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ብለው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስም መልካም በሚባለው የመቅደስ ደጃፍ ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ሽባ ትኩር ብለው አዩት፤ እጁንም ይዘው አነሡት። ሕዝቡ ሊያደንቃቸው በተሰበሰበ ጊዜ ግን ዐይኑን ከእነርሱ አንሥቶ ወደ ክርስቶስ እንዲያደርግ ነገሩት (ሐዋ. ፫፥፩-፲፮)። በደጃችን ያለውን ወንድም በገዛ ዐይናችን አይተን፣ በገዛ እጃችን እንድናነሣው እግዚአብሔር ይርዳን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።